ዩሪያ ለበግ ሲሰጥ በጥንቃቄ ይሁን

ስለ በግ መኖ ያነበብኩት ጽሑፍ ዩሪያ (ናይትሮጅን ያለበት ማዳበሪያ) የጠቦቶችን ጭድ የመብላት ፍላጎት ይጨምራል ማለቱ ልክ ነው፤ አሰጣጡን ሳይነግረን ማለፉ ግን አሳስቦኛል። በግ ጭድ ጀምሮ ቶሎ የሚተወው፣ ሆዱ ቶሎ በማይፈጭ ነገር ስለሚሞላበት ነው። ጨጓራው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ናይትሮጅን ሲያገኙ ጭዱ ቶሎ ይብላላል፣ ሆዱ ቦታ ያገኛል፣ በጉም ወደ ገንዳው ይመለሳል።

እኔ ደብረ ብርሃን አካባቢ በግ አደልባለሁ። ለ100 ኪሎ የገብስ ጭድ 4 ኪሎ ዩሪያ በ80 ሊትር ውኃ በጥብጬ እረጭበትና በላስቲክ አፍኜ 21 ቀን አቆየዋለሁ። ስከፍተው ሽታው ዓይን ያቃጥላል፤ ሳይናፈስ አልሰጥም። መጀመሪያ ላይ ጠቦቶቹ አሽትተው ፊታቸውን ያዞራሉ። ከሚያውቁት ድርቆሽ ጋር እየደባለቅኩ ሳለማምዳቸው ግን ገንዳውን ልሰው ይነሣሉ፤ ከዚያ ጋደም ብለው ሲያመሰኩ ማየት እንዴት ደስ ይላል!

እባካችሁ፣ ዩሪያ በውኃ በጥብጣችሁ አታጠጡ፤ ይገድላል። ጡት ላልጣለ ግልገልም አይሰጥም፤ ጨጓራው ገና አልጠናም። አቅሙ ያላችሁ ትንሽ የኑግ ፋጉሎ ጨምሩበት።