ዝንብ ይዞ ፍሎሪዳ

የሥራ ባልደረባዬ ፈረንጅ ነው። "ፍሎሪዳ፣ አይላሞራዳ ሄደን ዓሳ እናጥምድ" አለኝ። ሳላስብ እሺ አልኩ።

ሻንጣ መሸከፍ ለእኛ ቤት ብርቅ አይደለም። አዲስ አበባ ስንሄድ 23 ኪሎ ሲደመር 23 ኪሎ ነው። ሁለት ኪሎው የእኛ ልብስ፣ የቀረው የሰው አደራ። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። የባልደረባዬ ዝርዝር ከእድር ዕቃ መዝገብ ይረዝማል።

መጀመሪያ ዝንብ። የእውነት ዝንብ አይደለም። መንጠቆ ላይ በላባና በፀጉር የተጠመጠመ፣ ሽሪምፕ የሚመስል ነገር ነው። ጥፍሬን ቢያክል ነው። አንዱ 6 ዶላር። ባለቤቴ ደረሰኙን አይታ፣ "እኔ ዝንብ ሳባርር እውላለሁ፣ አንተ በዶላር ገዝተህ ታስገባለህ?" አለችኝ። ዝም አልኩ። የተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባበትም።

ከዚያ ቁጥር 8 የዓሳ ማጥመጃ ዘንግ፣ አራት ቦታ የሚፈታታ። ክሩም ለሞቃት አገር የተሠራ መሆን አለበት። የቀዝቃዛ ውሃ ክር እዚያ ፀሐይ ላይ እንደተቀቀለ ፓስታ ይልፈሰፈሳል። "የፀሐይ ክሬም ከተቀባህ መዳፍህን ሳትጠርግ ክሩን አትንካ፣ ክሬሙ ክሩን ይበላዋል" ይላል ዝርዝሩ። ክር የሚበላ ቅባት ፊቴን ምን ሊያደርገው ነው?

ፀሐይዋ ደግሞ ከላይ ብቻ አትመጣም። ከውሃው ተንጸባርቃ አገጭ ሥር ትገባለች። ስለዚህ ረጅም እጅጌ፣ እስከ ዓይን የሚሸፍን ጨርቅ። የውሃውን ነጸብራቅ የሚቀንስ፣ ፖላራይዝድ የሚሉት መነጽርም ግድ ነው። የምናጠምደው፣ ቦንፊሽ የሚባለው ዓሳ ገላው እንደ መስታወት ስለሆነ፣ ያለ መነጽር የምታየው ውሃና ራስህን ነው። ጫማው ወፍራም ሶል ይኑረው። አሸዋው ውስጥ ተናዳፊ ዓሳ ስለሚተኛ እግር ተነሥቶ አይረገጥም፣ እየተጎተተ ነው የሚኬደው። ሰኞ ጠዋት ሥራ እንደሚገባ ሰው።

ይሄ የእሱ ዝርዝር ነው። ባለቤቴ የራሷ አላት፦ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ሎሚ፣ ትልቅ የበረዶ ሳጥን። "ሞልተኸው ና" አለች። ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን የመጡት አማቴ ሁለት ኪሎ ዳቦ ቆሎ ጨመሩበት። ፆም ነበር። ዓሳ በፆም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሳም። እሳቸው ግን ድስቱን ሁሉ መርጠው ጨርሰዋል።

እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ፍሎሪዳ ውስጥ ከ2013 ጀምሮ ቦንፊሽ ይያዛል እንጂ አይወሰድም። ይዘህ ትለቃለህ። በርበሬውንም ሳጥኑንም ተሸክሜ ሄድኩ።

ሁለት ቀን ጉልበት የሚደርስ ውሃ ውስጥ ተጎተትኩ። ዳቦ ቆሎው በመጀመሪያው ቀን አለቀ። ግማሹን ባለ ጀልባው ነው የበላው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት አንድ ያዝኩ። ክሩን እየጎተተ ሲሮጥ ዘንጉ ላይ ያለው የክር መጠቅለያ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ጮኸ። አሥር ሰከንድ ያህል እጄ ላይ አቆየሁት፣ ፎቶ ተነሣሁ፣ ለቀቅኩት።

ማታ ቤት ስገባ ሽንኩርት ተከትፎ ጠበቀኝ። ሳጥኑን ከፈቱት። በርበሬው እንደታሸገ ነው። ስልኬን አወጣሁ። አማቴ መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን በሁለት ጣት አሰፉት።

"ለቀቅከው?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ያሳዝናል" አሉ።

ዓሳው ይሁን እኔ፣ አልጠየቅኳቸውም።