የወፍ ቆሎ ከመመንጠሩ በፊት

በቃሉ ወረዳ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ እንዲሁም ከብት እንዳይገባባቸው በተከለሉ ተዳፋት ቦታዎች ቢጫና ቀይ የሚያብብ ቁጥቋጦ ጥሻውን ሲሸፍን ይታያል። ይህን መጤ ለማጥፋት የሚደረገውን ምንጠራ አልቃወምም፤ የምቃወመው ተክሉ ሳይለይ ገጀራ መነሣቱን ነው። ከአሜሪካ ሞቃት አገሮች የመጣው ላንታና ካማራም፣ ነባሩ ዘመዱ ላንታና ትሪፎሊያም በሰዉ አፍ «የወፍ ቆሎ» ናቸው። በአንድ ዘመቻ ላይ ነባሩ ተቆርጦ ሲከመር፣ መጤው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ እንዳበበ ቆሞ አይቻለሁ። ክምሩን ያዩ አንድ አዛውንት «ይኼማ እረኛ ሆነን የበላነው ነው» አሉ፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ተክሉን የለዩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

መጤው ሲያብብ መለየቱ አያስቸግርም፤ በአንዱ የአበባ ራስ ላይ መሃል ያሉት አዲስ የፈኩት ቢጫ ሲሆኑ፣ ዳር ላይ የቆዩት ወደ ብርቱካናማ፣ ቀይ ወይም ሮዝ ይለወጣሉ። የነባሩ አበባ ግን ወደ ሐምራዊ ያደላ ነው። አበባ በሌለበት ወቅት ለጋውን ግንድ በሁለት ጣት ይዞ በጥንቃቄ መዳሰስ ያስፈልጋል። ግንዱ አራት ማዕዘን መሆኑ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ዘመዱም እንዲሁ ነውና፤ መጤውን ብዙ ጊዜ የሚያጋልጡት እንደ ድመት ጥፍር ወደ ታች የተቆለመሙት ትንንሽ እሾሆች ናቸው። ቀጥሎ ቅጠል የሚወጣበት አንጓ ይታያል፦ በመጤው ሁለት ቅጠሎች ትይዩ ሲወጡ፣ በነባሩ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሆነው ይከባሉ። የመጤው ፍሬ ሲበስል ይጠቁራል፣ የነባሩ ሐምራዊ ይሆናል። በጠረን መለየት ግን አያዋጣም፤ ኮሰረትን ጨምሮ የዚህ ቤተሰብ ተክሎች ብዙዎቹ ቅጠላቸው ሲታሽ በኃይል ይሸታሉ።

ስህተቱ ቀላል አይደለም። የመጤውን ቅጠል የበላ ከብት ጉበቱ ይጎዳል፣ ቆዳውም ፀሐይ ሲያገኘው ይቆስላል። ግንዱ ብቻ ቢቆረጥ ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ ወፎች ፍሬውን ከመበተናቸው በፊት ከነሥሩ መቆፈር አለበት። ይህን ያህል ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ በተሳሳተ ተክል ላይ ሲባክን ማየት ያሳዝናል። የቀበሌው ግብርና ባለሙያ በዘመቻው ዕለት ጠዋት የሁለቱን ቅርንጫፍ ጎን ለጎን ይዞ ቢመጣና እያንዳንዱ ቆፋሪ እሾሁን በጣቱ ዳስሶ፣ ቅጠሉን ቆጥሮ ወደ ጥሻው ቢገባ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይፈጅም።