ማስተካከያ፦ ጽጌረዳን ስለ ማድረቅ

ቀደም ሲል ስለ አበባ አደራረቅ ባቀረብሁት ጽሑፍ፣ ጽጌረዳ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ቢሰቀል ይበልጥ ያምራል ማለቴ ስሕተት ስለሆነ፣ አንባብያንን ይቅርታ እየጠየቅሁ አስተካክላለሁ። ቀጥተኛ ብርሃን ቀለሙን ስለሚያደበዝዘው፣ አበባው ቅጠሉ ከግንዱ ተራግፎ፣ በትንንሽ እቅፍ ተከፋፍሎ፣ ጨለማና ደረቅ ሆኖ አየር በሚዘዋወርበት ክፍል ቁልቁል መሰቀል አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜም ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይፈጃል። አራት ኪሎ በሚገኘው ቤቴ መስኮት ላይ የሰቀልሁት ቀይ ጽጌረዳ ፀሐይ የመታው ጎኑ ገለባ ሲመስል፣ ጓዳ ውስጥ የሰነበተው ግን ጠቆር ያለ ቀይ መልኩን እንደያዘ ደርቋል።

እቅፉ በክር ይታሰር ያልሁትም መታረም ይገባዋል፤ ግንዱ ሲደርቅ ስለሚቀጥን ክሩ ይላላና አበባው ይወድቃል፣ የሚለጠጥ ላስቲክ ግን አብሮ ይሰበሰባል።

በአዲስ አበባ ክረምት፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ እርጥበቱ ሻጋታ ስለሚያስከትል፣ አበባውን በሚገባ በሚከደን ዕቃ ውስጥ እርጥበት በሚመጥ ደቃቅ ፍሬ (ሲሊካ ጄል) ሸፍኖ ማቆየት ይመረጣል። ቅጠሉ ስስ የሆነውን አደይ አበባ ግን ቁልቁል ከመስቀል ይልቅ በወረቀት መካከል አድርጎ ከባድ መጽሐፍ መጫን የተሻለ ነው።