ላገለገለ ጠመንጃ የአዲስ ዋጋ?

ኧረ አቦ፣ የአደን ጠመንጃ ሻጮች አሰለቹኝ! ሰሞኑን እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ፣ አንዱ ያገለገለ ጠመንጃውን ሊሸጥልኝ ፈለገ። ጥይት የሚያጎርሰውና የሚተኩሰው ክፍሉ የፋብሪካ ማውዘር 98 (የታወቀ የጀርመን ንድፍ) ነው፤ በትእዛዝ የተሠሩት በርሜሉና የእንጨት ሰደፉ ብቻ ናቸው። ዋጋው ግን ከአዲስ እኩል! «ያወጣሁበት ነዋ» ይለኛል። ታዲያ እኔ ምን አገባኝ? ሰደፉ የተለካው ለእሱ ክንድ ነው፤ እኔ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ዓይኔና የጠመንጃው ማነጣጠሪያ መነጽር አይገናኙም። አዲስ ስታሠራ የሰደፉን ልክ፣ የጥይቱን ዓይነት፣ የበርሜሉን ርዝመት የምትመርጠው አንተ ነህ፤ ያን ሁሉ ብር የምትከፍለውም ለዚያ ነው። ያገለገለ ስትገዛ ግን የሌላ ሰው ምርጫ ትሸከማለህ። ደግሞ ስንት ጥይት ተተኩሶበታል ስለው ዝም! በርሜል ከጥይቱ መነሻ ጀምሮ እየተበላ እንደሚሄድ ጠፍቶት ነው? መጀመሪያ በርሜሉን ያስፈትሽ፣ ከዚያ ስለ ዋጋ እናወራለን።