ባለሀብቱ ቦዩን አይቶ ሄደ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ራሴንም ጨምሬ።

“ኢንቨስተር ይምጣልን” እንላለን። ስብሰባ ላይ እንላለን፤ ሥራ ያጣ ልጅ ባየን ቁጥር እንላለን። እሺ፣ መጣ እንበል። ምን እናሳየዋለን?

አንድ ጊዜ የፋብሪካ ቦታ ፍለጋ የመጣ ሰው አጅቤ ስዞር ዋልኩ። እኔ ሞኙ ረጃጅሙን ሕንፃና በመብራት ያሸበረቀውን አደባባይ ለማሳየት እጣደፋለሁ። እሱ አንድ መጋዘን በር ላይ ቆመና ጥበቃውን “ወንድሜ፣ ባለፈው ሳምንት መብራት ስንቴ ሄደ?” አለው። ጥበቃው ሳቀ። መልሱ ያ ሳቅ ነበር። ቀጥሎ ከቧንቧው ውሃ በብርጭቆ ቀዳና ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው። ከዚያ መንገድ ዳር ጎንበስ አለ። ቦይ ነው። ውሃ መሄድ ያለበት ቦታ ላይ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ፌስታልና አሮጌ ጫማ ተጠቅጥቋል። ጫማው አንድ እግር ብቻ ነው። ሌላኛው የት እንደገባ እስካሁን ይገርመኛል። ሰውዬው ምንም አላለም። ፎቶ አነሳ። ተመልሶ አልመጣም።

ያን ጠርሙስ መንግሥት አልወረወረውም።

ጠርሙሱን አትናቁት። ቦዩ ሲደፈን ውሃው መንገዱ ላይ ይተኛል። በአስፋልቱ ስንጥቅ ሰርጎ ከሥር ያለውን አፈርና ጠጠር ያለሰልሳል። ከላይ ሲያዩት መንገዱ ደህና ነው። አንድ ቀን የተጫነ የጭነት መኪና ያልፍበታል፤ ይሰምጣል። ጉድጓዱ ተወለደ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዝናብ ይሰፋል። የፋብሪካው ዕቃ እዚያ ጉድጓድ ላይ ሲንገጫገጭ ግማሹ ይሰበራል፤ ወይ ደግሞ ሹፌሩ ዞሮ ይሄድና መርከቡ ያመልጠዋል። ገዢው የሚጠብቀው ዕቃውን እንጂ ሰበብ አይደለም። ይኼ ሁሉ ከአንድ ጠርሙስ ነው ብል አጋነንክ ትሉኛላችሁ። አንድ ብቻ መች ሆነና!

ስለ መብራቱም ልንገራችሁ። መብራት ሄደ ማለት ለእኛ ሻማ ፍለጋ ነው። ለፋብሪካ ሌላ ነገር ነው። የፕላስቲክ ዕቃ የሚያመርት ማሽን ሥራ መሃል ላይ ቀጥ ሲል፣ የቀለጠው ፕላስቲክ ሆዱ ውስጥ ይደርቃል። መብራቱ ሲመለስ ሥራ አይጀመርም፤ መጀመሪያ ማሽኑ መጽዳት አለበት። የመስታወት ምድጃ ደግሞ አንዴ ከተለኮሰ ሌት ተቀን፣ ለዓመታት ነው የሚነደው። መቀዝቀዝ አያውቅም። አልሙኒየም የሚያቀልጥ ፋብሪካ ለተወሰኑ ሰዓታት ኃይል ካጣ፣ ብረቱ ገንዳው ውስጥ እንዳለ ይረጋል። ባለሀብቱ ይህን ሁሉ ገና ሳይመጣ ወረቀት ላይ ያሰላዋል። ጄኔሬተር፣ ነዳጅ፣ የተበላሸ ምርት እያለ ይደምራል። የግብር እፎይታ ብትሰጡትም ሒሳቡ እሺ አይልም።

ታዲያ ኬብሉን ማን ቆረጠው? መዳቡን ማን ሸጠው፣ ማንስ ገዛው? ጎረቤት አላየም? አይቷል። መስኮቱን ዘግቶ ተኛ። የማንሆሉ ክዳን ሌሊት ተነቅሎ ይሄዳል። ጠዋት እኛ ምን እናደርጋለን? ጉድጓዱ ውስጥ ቅርንጫፍ እንተክልበታለን። ቅርንጫፉ ሲደርቅ ሌላ እንቆርጣለን። ለዚህ ለዚህማ ማን ብሎን!

ባለሥልጣኑንም አልማርኩትም። ሪባን መቁረጥ የሚወድ ሰው ቦይ ማስጠረግ አይሆንለትም። ዛሬ የተነጠፈውን አስፋልት በወሩ ለቧንቧ፣ በዓመቱ ለስልክ መስመር የሚያስቆፍረውም እሱ ነው። ግን እሱን ሌላ ቀን እመለስበታለሁ። ዛሬ ተረኞቹ እናንተ ናችሁ።

ስለ ቦይ ካነሳን፣ ኒው ዮርክን የሚያህል ከተማ ከፍ ያደረገው አንድ ቦይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1825 የተከፈተው የኢሪ ቦይ ጀልባ የሚሄድበት ነው፤ ያኔ 584 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። አገረ ገዢው ዴዊት ክሊንተን ሲያስቆፍረው “የክሊንተን ጉድጓድ” እያሉ ተሳልቀውበታል። ቦዩ የኢሪ ሐይቅን ከሐድሰን ወንዝ ጋር ሲያገናኝ ግን የመሃል አገሩ እህልና እንጨት በጀልባ ወደ ኒው ዮርክ ጎረፈ። ነጋዴውም ባንኩም ጭነቱን ተከትሎ መጣ። ከተማዋ ሌሎቹን ወደቦች ጥላቸው ሄደች።

ቅርብ ጊዜ ከፈለጋችሁ አሜሪካ ውስጥ ቻታኑጋ አለች። የከተማዋ ንብረት የሆነው የመብራት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 በሚያዳርሰው አካባቢ ላለ ቤትና ድርጅት ሁሉ በሰከንድ አንድ ጊጋቢት ኢንተርኔት አቀረበ። ኢንተርኔቱን የሚያደርሰው የፋይበር መስመር የተዘረጋው ለኢንተርኔት ብቻ አይደለም። መስመር ሲበላሽ ኃይሉ ራሱ በሌላ በኩል እንዲዞር የሚያደርጉትን ማብሪያ ማጥፊያዎችም ያገናኛል። አዳዲስ ድርጅቶች ይህን ሰምተው ነው የሄዱት።

“እሱማ ገንዘብ ያለው ያደርገዋል” የሚል ድምፅ ይሰማኛል። እሺ፣ ገንዘብ የማይጠይቀውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ኬፕ ታውን ግድቦቿ ሊደርቁባት ነበር። ቧንቧ የሚዘጋበት ቀን ሁሉ ተነግሮ ነበር። ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብቻ ተባለ። ነዋሪው የታጠበበትን ውሃ በባልዲ አጠራቅሞ ሽንት ቤት ደፋበት። ዝናቡም በኋላ ረዳ። ቧንቧው ግን ሳይዘጋ የሰነበተው ሰዉ ባልዲ ስላነሳ ነው።

እኛ የሚፈስ ቧንቧ አይተን “የሚመለከተው አካል” እንላለን። ውሃው እግራችንን እያረጠበው! ማነው እሱ? ስልኩ እጃችሁ ላይ ነው፤ ደውላችሁ ታውቃላችሁ? ካልተነሳ ነገም ደውሉ። ሌሊት ክዳን የሚነቅል ስታዩ መብራት አብሩ፣ ጩኹ፣ ጎረቤት ቀስቅሱ። ከመኪና መስኮት ጠርሙስ የሚወረውረውን ጓደኛችሁን አሳፍሩት። ይቀየማችሁ።

ነገ ጠዋት ደግሞ ከቤት ስትወጡ በራችሁ ፊት ያለውን ቦይ ጎንበስ ብላችሁ እዩት። አካፋ ያዙ። ያንን ሌላኛውን እግር ጫማ ካገኛችሁትም ንገሩኝ።