የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ ሞዴሉን ይያዝ ወይስ አጠቃቀሙን?

የአውሮፓ ኅብረት ሕግ አደጋቸው ሰፊ ሊሆን የሚችል ሞዴሎችን፣ ማለትም ከብዙ መረጃ ተምረው መልስ የሚሰጡ ፕሮግራሞችን፣ የሚለየው በዋናነት ለስልጠና በወሰዱት የስሌት መጠን፣ ኮምፒውተሮች በሠሩት የሒሳብ ብዛት ነው። ካሊፎርኒያም እ.ኤ.አ. በ2025 በጸደቀው ሕጓ በዚሁ መለኪያ ተጠቅማለች። መለኪያው ያዋጣል ወይ? ሁለት ጸሐፊዎች ተከራክረውበታል።

ደጋፊ፦ ሕግ አደጋን የሚከላከለው አስቀድሞ የሚጨብጠው ነገር ሲኖረው ነው። ሞዴሉ ገና ሳይለቀቅ የሚጨበጠው ደግሞ ስልጠናው ነው። ስሌቱ ምስጢር የለውም፤ በግምት የፓራሜትሮቹን (በስልጠና የሚስተካከሉትን የሞዴሉን ውስጣዊ ቁጥሮች) ብዛት በሰለጠነባቸው ቶከኖች (የቃላት ቁርጥራጮች) ብዛት፣ ውጤቱን ደግሞ በ6 ማባዛት ነው። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ እ.ኤ.አ. በ2024 የለቀቀውን ትልቁን ላማ 3.1 ሞዴል እንይ። 405 ቢሊዮን ፓራሜትር አለው፤ የሰለጠነው በ15.6 ትሪሊዮን ገደማ ቶከኖች ነው። ውጤቱ 38 ተጽፎ 24 ዜሮ ይከተለዋል። የኅብረቱ መስመር፣ ማለትም ግዴታው የሚጀምርበት ወሰን፣ 1 ተጽፎ 25 ዜሮ ስለሆነ ሞዴሉ የዚያ አራት እጥፍ ገደማ ነው። በዚህ መጠን ሞዴል የሚሠራ ድርጅት በሁለት ሳምንት ውስጥ ለኅብረቱ አስፈጻሚ አካል ለአውሮፓ ኮሚሽን ማሳወቅ፣ ሞዴሉን ሆን ብለው ለማሳት በሚሞክሩ ፈታኞች ማስፈተሽ፣ ከባድ ጉዳት ሲደርስ ሪፖርት ማድረግ፣ ፋይሉንም ከስርቆት መጠበቅ ግዴታው ነው። ይህን ያህል ስሌት ለመግዛት አቅም ያለው ለፍተሻውም አያንሰውም። በትንሽ ሞዴል የሚሞክር ተመራማሪ ግን ከዚህ ሸክም ነፃ ነው።

ተቃዋሚ፦ በራስዎ ስሌት ልቀጥል። የዚያው ሞዴል ታናሽ 70 ቢሊዮን ፓራሜትር አለው። በ15 ትሪሊዮን ቶከን ሲባዛ፣ እንደገና በ6 ሲባዛ 63 ተጽፎ 23 ዜሮ ይሆናል፤ ከመስመሩ በታች ነው ማለት ነው። ትንሹን ሞዴል በትልቁ ሞዴል መልሶች ማሰልጠንም ይቻላል፤ ችሎታው ይተላለፋል፣ የትንሹ የስሌት ቁጥር ግን ዝቅ እንዳለ ይቀራል። ከስልጠና በኋላ መልስ ከመስጠቱ በፊት ረዘም አድርጎ እንዲያስብ ሲደረግ ችሎታው ይጨምራል፤ ይህም በስልጠናው ቁጥር ውስጥ የለም። የካሊፎርኒያው ገዥ ጋቪን ኒውሰም በመስከረም 2024 የግዛቲቱን ሴናተር ስኮት ዊነርን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ደኅንነት ረቂቅ ሕግ ውድቅ ሲያደርጉ ያነሱት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር፦ ትልልቆቹን ብቻ መቆጣጠር ሕዝቡን የሐሰት እፎይታ ይሰጠዋል።

ሰው የተጎዳበትን ቦታ ደግሞ እንይ። በኔዘርላንድስ የግብር መሥሪያ ቤቱ የሕፃናት መዋያ ድጎማ ማጭበርበርን ለመለየት በተጠቀመበት የስጋት መመዘኛ ውስጥ ዜግነት አንዱ መስፈርት ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ያለ ጥፋታቸው ዕዳ ውስጥ ተዘፈቁ፤ በጥር 2021 መንግሥቱ ሥልጣን ለቀቀ። ያ ሥርዓት ከዛሬዎቹ ሞዴሎች ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል ስሌት አልወሰደም። አደጋው ያለው ማሽኑ በማን ላይ ምን እንዲወስን እንደተፈቀደለት ላይ ነው።

ደጋፊ፦ የኔዘርላንድሱ ጉዳይ የሚያሳምም ነው፤ የአውሮፓው ሕግም ለአጠቃቀም ራሱን የቻለ ክፍል ያለው ለዚህ ነው። አንዱን አንስቶ ሌላውን ጣል ያለ የለም። ከመስመሩ በታች ያለን ሞዴልም ኮሚሽኑ አደገኛ ሆኖ ካገኘው ሊመድበው፣ ቁጥሩንም ሊቀይረው ይችላል። የአጠቃቀም ሕግ ብቻውን ሲቆም ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው። ፋይሉ በይፋ የተለቀቀን ሞዴል ማንም አውርዶ በጥቂት ተጨማሪ ስልጠና ጎጂ መልስ እንዳይሰጥ የተደረገለትን መከላከያ ሊያነሳለት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ መልሶ መሰብሰብ የለም። ለጥፋት የሚያወርደው ሰው የአጠቃቀም ደንብ አያስቆመውም። ሞዴሉን ገዝቶ የሚጠቀም ሆስፒታልም ውስጡን ከፍቶ መመርመር አይችልም፤ ያ አቅም ያለው ገንቢው ዘንድ ነው።

ተቃዋሚ፦ እንግዲያው ገንቢው ምን እንደተጠየቀ እንቁጠር። የካሊፎርኒያ ሕግ ዓመታዊ ገቢው ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነን ገንቢ የራሱን የደኅንነት ዕቅድ ጽፎ እንዲያወጣ ያዘዋል። ጸሐፊውም ፈታኙም እርሱው ነው። ገለልተኛ ፈታኝ አልተገደደም፤ ተጠቅመህ ከሆነ ግለጽ ብቻ ነው የተባለው። ቅጣቱ ለአንድ ጥሰት እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ከዚያ ገቢ ላይ 0.2 በመቶ መሆኑ ነው። ይህ ከሥራ ማስኬጃ ወጪ አይለይም።

ደጋፊ፦ በቅጣቱ እስማማለሁ፤ አንሷል። የአውሮፓው ለእነዚህ ሞዴሎች እስከ 15 ሚሊዮን ዩሮ ወይም ከዓለም አቀፍ ገቢው 3 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ነው፤ ያ ያማል። ነገር ግን በካሊፎርኒያ ከባድ የደኅንነት ክስተት በ15 ቀን፣ ሕይወትን ወዲያው የሚያሰጋ ከሆነ ደግሞ በ24 ሰዓት ሪፖርት መደረግ አለበት። አደጋ ያጋለጠ ሠራተኛም ከበቀል ጥበቃ አለው። እነዚህ ባይኖሩ ውስጥ የሆነውን ማን ያውቅ ነበር?

ተቃዋሚ፦ ሪፖርቱንና የሠራተኛውን ጥበቃ እኔም እደግፋለሁ። ግን ግዴታው ለምን ዜሮ በመቁጠር ይጀምራል? ገለልተኛ ፈታኝ ሞዴሉ ከመለቀቁ በፊት ይግባ፤ የሚፈትነውም ችሎታውን ይሁን። 70 ቢሊዮኑም በፈተናው አደገኛ ሆኖ ከተገኘ እንደ 405ቱ ይጠየቅ።