«ባለ 9» የሚሉት ነገር

ቆይ፣ የእጅ ባትሪ ከመቼ ወዲህ ነው ከመጋዝ እኩል የሚቆጠረው? ማነው የፈቀደው? ይሄን ነገር ዛሬ ካልተናገርኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

በቻርጅ የሚሠሩ መሣሪያዎችን በአንድ ሣጥን አጭቀው የሚሸጡትን ታውቃላችሁ። ኮምቦ ኪት የሚባለውን። ቁጥሩ ከብራንዱ ስም በላይ ጎልቶ ይጻፋል። ባለ 4፣ ባለ 6፣ ባለ 9። ገዢው ዓይኑ አዋጅ ይሆንበታል። ዋጋውን ለ9 ያካፍላል። «አንዱ እኮ በዚህች ገንዘብ ወጣ! በነፃ በለው!» ይላል። ከዚያ ፎቶውን ለእኔ ይልካል። «እንዴት ነው፣ ያዋጣል?» እውነቱን ስነግረው ያኮርፋል። «አንተን ደግሞ ምን ይጥምሃል!» ይለኛል። እሺ፣ አይጥመኝም። ለምን እንደማይጥመኝ ግን አንዴ ልጻፈው። ከእንግዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ ይሄንኑ ልኬ ዝም እላለሁ።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንፈትሸው። ባለ 9 የተባለውን ሣጥን ክፈቱት። ድሪል አለ። ብሎን የሚያስረው ኢምፓክት ድራይቨር አለ። ክብ መጋዝ አለ። ምላጩ ወደፊትና ወደኋላ የሚመላለሰው መጋዝም አለ። ግራይንደር አለ። እስከዚህ ድረስ አፌን ይዤ እቀመጣለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ሙሌት ነው። የእጅ ባትሪ። ሬዲዮ። አቧራ የምትነፋ ትንሽዬ ማራገቢያ። ሌላም እንዲህ ያለ። ሬዲዮ አምሮት የመሣሪያ ሣጥን የገዛ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እነዚህ የሚገቡት ቁጥሩን ከፍ ለማድረግ ነው። ለአምራቹ መብራት መጨመር መጋዝ ከመጨመር እጅግ ይቀለዋል። ቆጠራው ላይ ግን ሁለቱም 1 ናቸው።

የባሰም አለ። «ባለ 128 ፍሬ» የሚሉትን አይታችኋል? ከ128ቱ ውስጥ ሞተር ያለው አንድ ድሪል ብቻ ነው። ሌላው የካቻቪቴ ጫፍ ነው፣ ፑንታ ነው፣ ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር ፕላስቲክ ፊሸር ነው። ፊሸሩን አንድ በአንድ ቆጥረውታል እኮ! ፑንታው ደግሞ ጠንከር ያለ ነገር ገና ሲያይ ይደንዛል።

ይሄ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው። ደሜን የሚያፈላው ባትሪው ነው።

ሰው ኪት ሲገዛ መሣሪያ የገዛ ይመስለዋል። ከከፈለው ገንዘብ ትልቅ ድርሻ የሚይዘው ግን ብዙ ጊዜ ባትሪው ነው። ካላመናችሁኝ ያንኑ ድሪል ባዶውን፣ ያለ ባትሪና ያለ ቻርጀር፣ ስንት እንደሚሸጥ ጠይቁ። ቀጥሎ የዚያኑ ብራንድ ትልቅ ባትሪ ለብቻው ጠይቁ። ባትሪው ከድሪሉ ጋር ሲፎካከር፣ አንዳንዴም ሲበልጠው ታገኙታላችሁ። ስለዚህ አምራቹ ሣጥኑን ማርከስ ሲፈልግ እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወዴት እንደሆነ ግልጽ ነው። መሣሪያው 5፣ ባትሪው 2፣ ሁለቱም ትንንሽ። 5 መኪና ገዝቶ አንድ ጀሪካን ነዳጅ ይዞ እንደ መውጣት ነው።

ሒሳቡ እኮ ከባድ አይደለም። ቮልቱን በአምፔር-ሰዓቱ ማባዛት ብቻ ነው። 18 ቮልት በ2 አምፔር-ሰዓት 36 ዋት-ሰዓት ይሰጣል፣ ባትሪው የሚይዘው ጉልበት ማለት ነው። 18 በ5 ደግሞ 90። እንግዲህ «2 ባትሪ አለው!» ተብሎ የሚጨፈርለት ኪት ባትሪዎቹ ባለ 2 ከሆኑ ሁለቱ ተደምረው 72 ናቸው። አንዱን ባለ 5 አይደርሱበትም። ባለ 1.5 ከሆኑማ 54 ብቻ። ሁለት ስላሉ ብቻ ብዙ ይመስላሉ።

የሚያናድደው ይሄ ዋት-ሰዓት የሚባለው ቁጥር ሚስጥር አለመሆኑ ነው። ባትሪው ጀርባ ወይም ሆዱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን ይዞ ለመሳፈር የሚታየው ይሄው ቁጥር ነው። ከ100 ዋት-ሰዓት ሲያልፍ የአየር መንገዱን ፈቃድ መጠየቅ ይመጣል። ለተሳፋሪ የጠቀመ ቁጥር ለገዢ እንዴት ይደበቃል? ሣጥኑ ፊት ላይ ግን አታገኙትም። ፊት ላይ ያለው 9 ነው።

አሁን ያንን ባለ 36 ባትሪ ክብ መጋዙ ላይ ሰኩት። መጋዙ ጣውላ ሲቆርጥ 600 ዋት ይስባል እንበል። ወፍራም ከሆነ ከዚያም ያልፋል። 36ን ለ600 አካፍሉ። 4 ደቂቃ አይሞላም! እርግጥ መጋዝ ያለ ዕረፍት አይሽከረከርም። ትቆርጣለህ፣ ትለካለህ፣ እንደገና ትቆርጣለህ። ቢሆንም።

ችግሩ ደግሞ በደቂቃው አያበቃም። ከ18 ቮልት 600 ዋት ለማውጣት 33 አምፔር ገደማ መፍሰስ አለበት። ትንሹ ባትሪ ውስጥ ያሉት ሴሎች፣ ማለትም ውስጡ የተደረደሩት ትንንሽ ባትሪዎች፣ 5 ናቸው። ብዙውን ጊዜ 18650 የሚባሉት፣ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸው። በተከታታይ ስለተያያዙ ያ ሁሉ አምፔር በእያንዳንዷ ሴል ውስጥ ያልፋል። ሴሏ ትግላለች። ቮልቷ ይወርዳል። በመጨረሻ ባትሪውን ከጉዳት የሚጠብቀው መከላከያ ይዘጋና መጋዙ ጣውላው መሃል ቀጥ ይላል። ሴሎቹ 10 ሲሆኑ ግን ጥንድ ጥንድ ሆነው ሸክሙን ይካፈላሉ። ያው መጋዝ፣ ያው ምላጭ፣ ያው እጅ፣ ባትሪው ሲቀየር ሌላ መጋዝ ይሆናል። ሰው ግን ባትሪውን አይጠረጥርም። «ይሄ ብራንድ ጉልበት የለውም» ብሎ ስም ያጠፋል።

ቮልቱ ላይ ያለውን ጨዋታም ሳልናገር አላልፍም። 18 ቮልት እና «20 ቮልት ማክስ» የሚባሉት አንድ ናቸው። አንድ! አንዷ ሴል በስም 3.6 ቮልት ናት። 5 ሲሆኑ 18 ይመጣል። ከቻርጀር ገና ስትወጣ ደግሞ ከ4 ቮልት በላይ ትይዛለች። በ5 አባዟት፣ 20 ሞላ። ዲዎልት አሜሪካ ውስጥ 20 ቮልት ማክስ ብሎ የሚሸጠውን ባትሪ አውሮፓ ውስጥ 18 ቮልት ብሎ ነው የሚሸጠው። ውቅያኖስ ሲሻገር የፈሰሰ ኤሌክትሪክ የለም። 12 ቮልት የሚባለውም ያው ነው። 3 ሴል፣ 10.8 ቮልት። እነዚህስ ቢያንስ አልዋሹም፣ የሚመቻቸውን ሰዓት መርጠው ለኩ እንጂ። ስም የለሽ ባትሪ ላይ «88 ቪኤፍ»፣ «388 ቪኤፍ» ብሎ በግዙፍ ፊደል የሚጽፈውስ? 388 ቮልት እንዳይመስላችሁ። ቪኤፍ የሚባል የባትሪ መለኪያ የለም። ሲከፈት ውስጡ እነዚያው በ5 የተደረደሩ ሴሎች ናቸው። ድፍረቱን ግን አደንቃለሁ።

ወደ ድሪሉ ልምጣ። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ድሪል ሰው ሁሉ የሚያወድሰው ያ ድሪል ላይሆን ይችላል። ቀለሙ ያው፣ ቅርጹ ያው፣ የሞዴል ቁጥሩ ላይ አንዲት ፊደል ወይም አንድ አኃዝ ትለያለች። አንደኛው ብራሽለስ የሚባለው ካርቦን የሌለው ሞተር አለው፣ ሌላው ካርቦን ያለው ሞተር። ካርቦኑ እየተፋተገ ነው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው። ስለዚህ እያለቀ ይሄዳል፣ ይሞቃል፣ ከባትሪው የወሰደውን ጉልበት በፍትጊያ ያባክናል። ብራሽለሱ ይሄ ጣጣ የለበትም። በአንድ ቻርጅ ረዘም አድርጎ ይሠራል። አንዳንዱ ሣጥን ደግሞ «ብራሽለስ» ብሎ በትልቁ ይጽፍና ብራሽለሱ ድሪሉ ብቻ ሆኖ ይገኛል። መጋዙ ባለ ካርቦን ነው። ከሁሉም በላይ ጉልበት የሚፈልገው መጋዙ እኮ ነው!

ፍትሐዊ ልሁን። ካርቦን ያለው ሁሉ ቆሻሻ አይደለም። አልፎ አልፎ መደርደሪያ ለሚሰቅል ሰው ለብዙ ዓመት ያገለግለዋል፣ ዋጋውም ይቀላል። እኔን የሚያበሳጨኝ ጉልበት የሚያባክን ሞተር ከትንሽ ባትሪ ጋር በአንድ ሣጥን መታሰሩ ነው። አንዱ ባይሆን አንዱን አሻሽሉልን።

የመጠምዘዝ ጉልበት የሚለካበት የኒውተን ሜትሩ ቁጥርም ያው ነው። የድሪል ጉልበት ጠንካራ መጋጠሚያ ላይና ለስላሳ መጋጠሚያ ላይ ሲለካ ሁለት የተለያየ ቁጥር ይሰጣል። ሣጥኑ ላይ የቱ እንደሚጻፍ ልንገራችሁ? ትልቁ።

ቻርጀሩን ማንም አያየውም። ጀርባው ላይ ስንት አምፔር እንደሚያወጣ ተጽፏል። 2 አምፔር ከሆነ ባለ 5 ባትሪ ለመሙላት ከ2 ሰዓት ተኩል በላይ ይፈልጋል። ኪት ውስጥ የሚገባው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀርፋፋው ነው። ፈጣኑን «ለብቻው መግዛት ይችላሉ» ይሏችኋል። አመሰግናለሁ!

«ለየብቻ ቢገዛ ይሄን ያህል ያወጣ ነበር» የሚሉት ማነጻጸሪያም አለ። የ9ኙን ዕቃ ሙሉ ዋጋ ደምረው፣ ከኪቱ ጋር አነጻጽረው «ግማሽ ቅናሽ» ይላሉ። ግን እኮ 9ኙንም ለየብቻ የሚገዛ ሰው የለም! የማልፈልገውን ሬዲዮ ዋጋ ደምሮ «አተረፍክ» የሚለኝ ሰው ምን ይባላል?

እኔ እንዲህ ነው የማሰላው። ለብቻው ቢሆን ኖሮ የማልገዛውን ዕቃ በሙሉ ከዝርዝሩ እሰርዛለሁ። ዋጋው ዜሮ። ቅናሽ አይባልም፣ «ለማንኛውም ይኑር» አይባልም፣ ዜሮ። ከዚያ እዚያው መጠን ላይ ያሉትን ባትሪዎችና ቻርጀሩን ለየብቻ ስንት እንደሚሸጡ አይቼ ከኪቱ ዋጋ እቀንሳለሁ። የሚተርፈው ለቀሩት መሣሪያዎች የምከፍለው ነው። እሱን ከባዶዎቹ መሣሪያዎች ዋጋ ጋር አስተያያለሁ። እንበል የአንድ ባለ 6 ኪት ዋጋ 100 ነው። ባትሪዎቹና ቻርጀሩ ለብቻቸው 40 ያወጣሉ። ቀረ 60። ከ6ቱ ዕቃዎች የምጠቀመው 3ቱን ብቻ ከሆነ እያንዳንዱ 20 ደረሰብኝ ማለት ነው። ባዶው በ20 ወይም ከዚያ በታች ከተገኘ ኪቱ ምኑ ላይ ነው ቅናሹ? በዚህ ስሌት ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ትንሹ ሣጥን ነው። ድሪልና ኢምፓክት ድራይቨር፣ ከደህና ባትሪዎች ጋር። ሌላውን ሥራው ሲመጣ ባዶውን መግዛት። ባለ 9ኙ የሚያዋጣው ሰው የለም አልልም። ሥራውን ከባዶ የሚጀምር ባለሙያ ከ9ኙ 6ቱን በየቀኑ ሊያነሳ ይችላል። ፎቶ የሚልክልኝ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ እሱ አይደለም።

«ግዴለም፣ አንድ ቀን ይጠቅማል» የሚል መልስ ይመጣል። መሣሪያው ይጠብቃችሁ ይሆናል። ባትሪው ግን አይጠብቅም። የሊቲየም ባትሪ ሳይሠራም ያረጃል። ሙሉ ቻርጅ ሆኖ ሙቀት ውስጥ ሲቀመጥ ደግሞ ይፈጥናል። መኪና ውስጥ የምታስቀምጡት ሰዎች፣ እናንተን ነው።

እና ይሄ ሁሉ ርካሽ ሣጥን ከየት መጣ? ከደግነት አይደለም። አንዴ የአንዱን ብራንድ ባትሪ ከያዛችሁ ቀጣዩን መሣሪያ ከማን እንደምትገዙ ተወስኗል። የአንዱ ባትሪ ሌላው ላይ አይገባም። እንዲገባ ማድረግ ግን ይቻላል። በ2018 (እ.ኤ.አ.) የጀርመኑ መሣሪያ አምራች ሜታቦ የመራው ካስ የሚባል የባትሪ ኅብረት ተመሥርቶ የተለያዩ አምራቾች አንድ ባትሪ ሲጋሩ አይተናል። ከትልልቆቹ ብዙዎቹ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለዋል። እንግዲህ ሣጥኑን ከማየታችሁ በፊት ወደፊት የምትፈልጉት መሣሪያ በዚያ ብራንድ መኖሩን እዩ። ኮንክሪት የሚበሳ ሮታሪ ሐመር ትፈልጋላችሁ? ያ ብራንድ ከሌለው፣ ወይም ኖሮት ያው ባትሪ ካልገባበት፣ ሁለተኛ የባትሪ ቤተሰብ ልትጀምሩ ነው።

የዋስትና ወረቀቱንም ገልብጡት። ብዙ ብራንዶች ለመሣሪያው የሚሰጡት ዓመት ለባትሪው ከሚሰጡት ይረዝማል። ቶሎ የሚያረጀው፣ ውዱና የከፈላችሁበት ነገር፣ ዋስትናው አጭሩ እሱ ነው። ያንን በትልቁ አይጽፉትም።

በሉ፣ ወጣልኝ። ኮሜንት ላይ ብራንዶቹን በቀለማቸው እየጠራችሁ ቢጫው ይሻላል፣ ቀዩ ይሻላል፣ አረንጓዴው ይሻላል እያላችሁ የምትጣሉ ሰዎች፣ ዛሬ አልገላግልም።